ድንበር የማይሻገር ዋስትና፤ የአሜሪካ የጤና መድን ከስቴት ጋር የተቆራኘበት ታሪክ

በአገራችን የመንግሥት ሠራተኛ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ሲዛወር ቤተሰቡን ከሚያሳስቡት ነገሮች አንዱ የእድር ጉዳይ ነበር። አባቴ ከደሴ ወደ ሐዋሳ በተዛወረ ጊዜ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ወር ሳያጓድል መዋጮ የከፈለበት የሰፈራችን እድር በምስጋና አሰናበተው እንጂ ከከፈለው ገንዘብ አንዲት ሳንቲም እንኳ አብራው አልተጓዘችም። ሐዋሳ እንደ ደረሰ እንደ ማንኛውም አዲስ ገቢ መግቢያ ከፈለ፤ ሙሉ አባል እስኪሆን ድረስም የተወሰኑ ወራት መጠበቅ ግድ ሆነበት። በእነዚያ ወራት መካከል በቤታችን ሐዘን ቢደርስ ድንኳኑን ማን እንደሚተክል እናቴ ደጋግማ ትጠይቅ እንደ ነበር አስታውሳለሁ። እድሩ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የቆመው በሰፈር ላይ በመሆኑ ነው።

ይህን የቤት ታሪክ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በዩናይትድ ስቴትስ የሚኖር የማኅበራችን አባል ከአንዱ ስቴት ወደ ሌላው ሲዛወር በጤና መድኑ ላይ የሚደርስበት ነገር ከዚህ ጋር እጅግ ይመሳሰላል። መሐንዲስ በሙያው ጠባይ ሥራን ተከትሎ የሚሄድ ሰው ነው፤ ድልድዩ ሲያልቅ ጓዙን ጠቅልሎ ወደሚቀጥለው ወንዝ ይሄዳል። ይሁን እንጂ በአንድ ገንዘብ የሚገበያይና በአንድ ጦር የሚጠበቅ አገር፣ አንድ ስቴት የሰጠው የመንጃ ፈቃድ በሌላው ስቴት መንገድ ላይ የሚያገለግልበት አገር፣ የሕክምና ዋስትናን ብቻ በስቴት ወሰን ላይ የሚያስቆመው ስለ ምንድን ነው? የመጽሔታችን አዘጋጆች ስለዚህ ጉዳይ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ መልሱ በአንድ ገጽ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር፤ ጥያቄው ግን ወደ 1866 መለሰኝ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

የእርስ በርስ ጦርነቱ ባበቃ በዓመቱ የቨርጂኒያ ስቴት ምክር ቤት አንድ ሕግ አወጣ። ከሌላ ስቴት የመጣ ማንኛውም የመድን ኩባንያ በቨርጂኒያ ውስጥ ውል ከመሸጡ በፊት ከ30,000 እስከ 50,000 ዶላር የሚያወጣ የመያዣ ሰነድ ለስቴቱ እንዲያስረክብ ሕጉ ያስገድዳል። ሳሙኤል ፖል የተባለ የፒተርስበርግ ከተማ ነዋሪ በዚያው ዓመት የኒው ዮርክ የእሳት አደጋ መድን ኩባንያዎች ወኪል ሆኖ ፈቃድ ጠየቀ። መያዣው ስላልቀረበ ተከለከለ፤ ያለ ፈቃድ ውል ሸጠ፤ ተከሰሰ፤ 50 ዶላር ተቀጣ። ክርክሩም ደረጃ በደረጃ አልፎ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በፖል በኩል የቀረበው መከራከሪያ፣ ሕገ መንግሥቱ በስቴቶች መካከል የሚካሄደውን ንግድ የመቆጣጠር ሥልጣን ለኮንግረስ ስለ ሰጠ የመድን ሥራም ንግድ እስከ ሆነ ድረስ እያንዳንዱ ስቴት ኬላ ሊያቆምበት አይገባም የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ በ1869 ይህን አልተቀበለም። ዳኛ ስቲቨን ፊልድ በጻፉት ውሳኔ፣ የመድን ውል ሁለት ወገኖች የሚያደርጉት ስምምነት እንጂ ከስቴት ወደ ስቴት የሚጫንና የሚራገፍ ሸቀጥ አይደለም፤ ስለዚህም ንግድ ተብሎ አይቆጠርም ተባለ።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያጤን እፈልጋለሁ። ክርክሩ ስለ በሽተኛ አልነበረም፤ እሳት ሊያቃጥለው ስለሚችል ቤት ነበር። ቤት ደግሞ አይሰደድም። መሠረቱ በተጣለበት መሬት ላይ ቆሞ የሚኖር ንብረት ቆሞ ባለበት ስቴት ሕግ ቢገዛ ነገሩ የሚያስኬድ ነው። ችግሩ የመጣው ለማይንቀሳቀስ ንብረት የተበጀው ይህ ሥርዓት ከስድሳ ዓመታት በኋላ ለሚንቀሳቀስ የሰው አካል በተሰጠ ጊዜ ነው። በእኛ ሙያ አንድን ምሰሶ ለቋሚ ጭነት ብቻ አስልቶ ተንቀሳቃሽ ጭነት ማሳለፍ ምን እንደሚያስከትል ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

በ1869 የተሠራው አጥር አንድ ጊዜ ብቻ ለመፍረስ ተቃርቦ ነበር። በደቡብ ምሥራቅ ስድስት ስቴቶች የሚሠሩ ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉ የእሳት አደጋ መድን ኩባንያዎች ዋጋ በስምምነት ይወስናሉ ተብለው የንግድ አድማን በሚከለክለው የፌዴራል ሕግ ተከሰሱ። ኩባንያዎቹ የቀድሞውን ውሳኔ ጋሻ አድርገው እኛ ነጋዴዎች አይደለንም ሲሉ ተከራከሩ። በሰኔ 1944 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 4 ለ3 በሆነ ድምፅ፣ በዳኛ ሁጎ ብላክ ጸሐፊነት፣ መድን በስቴቶች መካከል የሚካሄድ ንግድ ነው ሲል የሰባ አምስት ዓመቱን አቋም ሻረ። ነገር ግን በእነዚያ ሰባ አምስት ዓመታት እያንዳንዱ ስቴት የራሱን የመድን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አቋቁሞ፣ ከአረቦንም ግብር እየሰበሰበ ነበርና ይህን ጥቅም በዋዛ የሚለቅ አልተገኘም። ዘጠኝ ወር ብቻ ቆይቶ፣ መጋቢት 9 ቀን 1945፣ በኔቫዳው ሴናተር ማካራንና በሚቺጋኑ ሴናተር ፈርጉሰን ስም የሚጠራው ሕግ ጸደቀና የቁጥጥሩ ሥልጣን ለስቴቶች ተመለሰ። ሕጉ ዛሬም የጸና ነው።

የጤና መድን በዚህ አጥር ውስጥ የተወለደ ልጅ ነው። የዳላስ ከተማ ትምህርት ቤቶች የበላይ ኀላፊ የነበሩት ጀስቲን ፎርድ ኪምቦል በ1929 የቤይለር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልን ሲያስተዳድሩ፣ ለከተማይቱ መምህራን በወር 50 ሳንቲም ከፍለው ሲታመሙ እስከ 21 ቀን ያለ ተጨማሪ ክፍያ በሆስፒታሉ የሚተኙበትን ስምምነት አዘጋጁ። በኋላ ብሉ ክሮስ የተባሉት የመድን ድርጅቶች መነሻቸው ይህ ነው። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ግን ልብ እንበል፤ የተገዛው በዚያ ሆስፒታል ውስጥ የሚገኝ አልጋ እንጂ በማንኛውም ሥፍራ የሚያገለግል ገንዘብ አልነበረም። ከዚያ በኋላ የተስፋፉት ድርጅቶችም በየከተማውና በየስቴቱ ተደራጁ።

ለእኛ ለመሐንዲሶች ይበልጥ የሚቀርበው ግን ሌላው ምንጭ ነው። ከኮሎራዶ ወንዝ ወደ ሎስ አንጀለስ አካባቢ ውኃ የሚወስደው 242 ማይል ርዝመት ያለው ቦይና ዋሻ በሚሠራበት ጊዜ፣ በ1933፣ ሲድኒ ጋርፊልድ የተባለ ወጣት የቀዶ ጥገና ሐኪም በሞሃቬ በረሃ ዴዘርት ሴንተር ከተባለው ሥፍራ አጠገብ 12 አልጋ ያላት ሆስፒታል ከፈተ። በሽተኛ አልጠፋም፤ ገንዘብ ግን ጠፋ። ሠራተኛው የሚከፍለው አልነበረውም፤ የመድን ኩባንያዎቹም ሒሳቡን ያዘገዩ ነበር፤ ከባድ ጉዳት የደረሰበትንም ሰው አስቀድመው ወደ ከተማ ይወስዱት ነበር። ሐኪሙ ሊዘጋ በተቃረበ ጊዜ መላውን ያመጣው ሃሮልድ ሃች የተባለ ሰው ነበር። ይህ ሰው፣ ሙያችንን ያኰራናል ብዬ ልመን፣ መሐንዲስነቱን ትቶ የመድን ወኪል የሆነ ነው። ሐሳቡም ቀላል ነበር፤ ኩባንያው ሠራተኛው ከተጎዳ በኋላ ከሚከፍል ይልቅ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በቀን 5 ሳንቲም ለሐኪሙ አስቀድሞ ይክፈል፤ ሠራተኛው ደግሞ ከሥራ ውጭ ለሚደርስበት ሕመም ከደመወዙ ሌላ 5 ሳንቲም ይጨምር። ሐኪሙ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያተርፈው ሰው ሲጎዳ ሳይሆን ሰው ሳይጎዳ ሲውል ሆነ። በሥራ ቦታው እየተዘዋወረ ወደ ላይ የቀሩ ምስማሮችን እንዲያጠፉ ያሳስብ ነበር ይባላል።

በ1938 የሄንሪ ካይዘር ኩባንያ በዋሽንግተን ስቴት ለግራንድ ኩሊ ግድብ ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው ተመሳሳይ ሥርዓት እንዲያቋቁም ይህንኑ ሐኪም ጠራው። በጦርነቱ ጊዜም በካሊፎርኒያ ሪችመንድ በነበሩት የመርከብ መሥሪያዎች ለብዙ ሺህ ሠራተኞች ተዘረጋ፤ በ1945 ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ዛሬ ካይዘር ፐርማነንቴ የምንለው ድርጅት ሆነ። እኔን የሚያስገርመኝ በበረሃውና በግድቡ ዘመን ዋስትናው የቆመው በሥራው ላይ መሆኑ ነው። ሐኪሙ ከሥራ ወደ ሥራ፣ ከካሊፎርኒያ ወደ ዋሽንግተን ስቴት ተጓዘ፤ ግድቡ አልቆ ሠራተኛው ሲበተን ግን እያንዳንዱ ሠራተኛ ወደ ቤቱ የተመለሰው ያለ ዋስትና ነው።

ዋስትናን ከአሠሪ ጋር በጽኑ ያሰረው ደግሞ ጦርነቱ ነው። በጥቅምት 1942 የወጣው የማረጋጊያ ሕግ የዋጋ ንረትን ለመግታት ደመወዝ ከነበረበት እንዳይጨምር አገደ። ሠራተኛ የጠፋበት ዘመን ነበርና አሠሪዎች ሌላ ማባበያ ፈለጉ፤ መንግሥትም በተወሰነ መጠን የሚሰጥ የመድን ጥቅም ከደመወዝ እንደማይቆጠር ፈቀደ። በ1954 የታክስ ሕጉ ሲሻሻል አሠሪው ለሠራተኛው የሚከፍለው የጤና አረቦን ከሠራተኛው ገቢ እንደማይታሰብ በግልጽ ተደነገገ። ለጦርነቱ የተበጀው ጊዜያዊ መላ እንዲህ ሆኖ ቋሚ ተቋም ሆነ። በዚህም ዋስትናው በሁለት ገመድ ታሰረ፤ አንዱ ከስቴቱ፣ ሁለተኛው ከአሠሪው። ስቴትም አሠሪም በአንድ ጊዜ የሚቀይር ሰው ሁለቱንም ገመድ በአንድ ቀን ይበጥሳል።

አሠሪ ለሌላቸው አረጋውያንና ድሆች መንግሥት በሐምሌ 1965 ሜዲኬርንና ሜዲኬይድን አቋቋመ። ሜዲኬር የፌዴራል ስለሆነ ከስቴት ስቴት ይሻገራል፤ ሜዲኬይድ ግን ስቴቶች ከፌዴራሉ መንግሥት ጋር ወጪ ተጋርተው የሚያስተዳድሩት ስለሆነ በአንዱ ስቴት የተሰጠ መብት በሌላው አይሠራም። አሪዞና እስከ 1982 ድረስ ጭራሹን አልገባበትም ነበር። የዚህን ትርጉም ከአንድ ሰው ታሪክ በላይ የሚያስረዳ የለም። ሄንሪ ኢቫሮ የተባለ የአስም ሕመም የጸናበት ድሃ ሰው በሰኔ 1971 ከኒው ሜክሲኮ ወደ አሪዞና፣ ወደ ፊኒክስ ከተማ ተዛወረ። ወር በሞላው ሰሞን፣ ሐምሌ 8 ቀን፣ ትንፋሽ አጥሮት ሜሞሪያል ከተባለ የግል ሆስፒታል ገባ። ሆስፒታሉ በሽተኛውን ወደ ካውንቲው የሕዝብ ሆስፒታል ለማዛወር ጠየቀ፤ ወጪውንም፣ 1,202 ዶላር ከ60 ሳንቲም፣ ከካውንቲው ፈለገ። ካውንቲው ግን ድንገተኛ ላልሆነ ነጻ ሕክምና አንድ ዓመት የኖረ መሆን አለበት ሲል እምቢ አለ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በየካቲት 1974 ዳኛ ተርጉድ ማርሻል በጻፉት ውሳኔ የአንድ ዓመቱ ግዴታ ተሻረ፤ ሰው ከስቴት ወደ ስቴት የመሄድ መብቱን ስለ ተጠቀመ ሕክምና ሊከለከል አይገባም ተባለ። ውሳኔው የአንድ ዓመቱን ኬላ አነሣ እንጂ ዋስትናው ራሱ ከሰውየው ጋር እንዲጓዝ አላደረገም።

በዚያው 1974 የወጣው ኤሪሳ የተባለው ሕግ፣ አሠሪ ከራሱ ካዝና ሕክምና የሚከፍልበትን ሥርዓት ከስቴቶች የመድን ሕግ ነጻ አደረገ። በዚህ ምክንያት የአንድ ትልቅ ኩባንያ ሠራተኛ በብዙ ስቴቶች ውስጥ አንድ ዓይነት ዋስትና ሊኖረው ሲችል፣ በጎን ባለው ቢሮ የሚሠራው የአነስተኛ ኩባንያ መሐንዲስ በስቴቱ ሕግ ሥር ይቀራል። በዚያው ኩባንያ ውስጥ ቅርንጫፍ ለሚቀይር ሰው ይህ ልዩነት ከደመወዝ ጭማሪ ሊበልጥ ይችላል፤ ሆኖም የሥራ ውል ስንፈርም ኩባንያው መድን ይገዛል ወይስ ራሱ ይከፍላል ብለን የምንጠይቅ ስንቶቻችን ነን?

በ1986 ኮብራ የሚባለው ሕግ ጸደቀ፤ ስሙ እባብ ቢያስታውስም ነገሩ ጠቃሚ ነው። ሃያና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ካሉት አሠሪ የተለየ ሰው የቀድሞውን ዋስትና እስከ 18 ወር ድረስ በራሱ ወጪ ሊያስቀጥል ይችላል፤ የሚከፍለውም አሠሪው ይሸፍንለት የነበረውን ጨምሮ እስከ ጠቅላላው አረቦን 102 በመቶ ነው። የ1996ቱ ሂፓ አዲሱ መድን ሰጪ የቀድሞ ሕመምን ሰበብ አድርጎ የሚያስጠብቀው ጊዜ በቀድሞው ዋስትና ልክ እንዲቀነስ አደረገ፤ ይሁንና 63 ቀንና ከዚያ በላይ ያለ ዋስትና የቆየ ሰው ይህን ጥቅም ያጣ ነበር። ከ2014 ጀምሮ፣ በ2010ሩ የጤና ሕግ መሠረት፣ የቀድሞ ሕመምን ምክንያት ማድረግ ጨርሶ ቀረ። የስቴቱ አጥር ግን በዚህኛውም ሕግ ውስጥ አለ። የመድን ገበያዎቹ በየስቴቱ ናቸው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2012 የሜዲኬይድን ማስፋፋት ለየስቴቱ ፈቃድ ስለ ተወው ቴክሳስን የመሳሰሉ ስቴቶች እስካሁን አልተቀበሉትም።

ይህን ሁሉ ታሪክ ያጠናሁት ከደረሰብኝ በኋላ መሆኑን መሸሸግ አልፈልግም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሜሪላንድ የነበረኝን ሥራ በሰኔ ወር መጨረሻ ለቅቄ በሐምሌ የመጀመሪያ ሳምንት በቴክሳስ አዲስ ሥራ ጀመርኩ። ባለቤቴ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። የቀድሞው ዋስትና ከሰኔ 30 ጋር አብሮ ማለቁን፣ አዲሱ ደግሞ ሥራ በጀመርኩ በ60ኛው ቀን እንደሚጀምር ሁለቱም መሥሪያ ቤቶች በወረቀት ሰጥተውኝ ነበር፤ ሁለቱን ወረቀቶች ግን ጎን ለጎን አድርጌ አላየኋቸውም። የኮንክሪት ጥንካሬ በ28ኛው ቀን ስንት እንደሚደርስ አስልቼ የምፈርም ሰው፣ በሁለት ቀናት መካከል ያለውን ክፍተት አልቆጠርኩም። ሐምሌ አጋማሽ ላይ የባለቤቴ የደም ግፊት በድንገት ወጣ፤ ሌሊት ሆስፒታል ገባን። የሆስፒታሉ ሠራተኛ ካርዱን አይታ ከመለሰችልኝ በኋላ በትሕትና፣ “ጌታዬ፣ ይህ ካርድ አይሠራም” አለችኝ። ሕክምናው አልተከለከለም፤ ሁለት ሌሊት ተኝታ ደኅና ሆና ወጣች። ሒሳቡ ግን በስማችን መጣ፤ መጠኑም የዓመት የቤት ኪራያችንን የሚስተካከል ነበር።

መፍትሔውን የነገረኝ አንድ ታላቄ የሆነ የሙያ ባልደረባ ነው። “ለመሆኑ የኮብራው ደብዳቤ የት አለ?” ሲል ጠየቀኝ። ደብዳቤ አልደረሰኝም ብዬ መለስኩ። “አድራሻህን ቀይረሃላ! ወደ አሮጌው ቤትህ ሄዶ ይሆናል” አለኝ። እውነትም ደብዳቤው ወደ ሜሪላንድ ቤታችን ሄዶ ኖሮ፣ ፖስታ ቤቱ የአዲሱን አድራሻ ቢጫ ወረቀት ለጥፎበት በነሐሴ ወር እጃችን ገባ። ያኔ የተረዳሁት ዋና ነገር ይህ ነው፤ ባለመድኑ ኮብራን ለመምረጥ 60 ቀን አለው፤ በእነዚያ ቀናት ውስጥ መርጦ አረቦኑን ከከፈለ ዋስትናው ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ እንዳልተቋረጠ ይቆጠራል። የሁለት ወር አረቦን ከፈልን፤ የቀድሞው ዋስትና የሐኪሞች መዝገብ በሜሪላንድ ዙሪያ የተወሰነ ቢሆንም የድንገተኛ ሕክምና በየትም ስለሚሸፈን የዚያ ሌሊት ሒሳብ ታረመ። የወሩን ክትትል ግን በቴክሳስ ሐኪም ዘንድ ከኪሳችን ከፈልን። ልጃችን አዲሱ ዋስትና በጀመረ በዘጠነኛው ቀን ተወለደች።

በስቴቱ ገበያ ዋስትና የሚገዛ አባልም የ60 ቀን ዕድል አለው፤ ከመዛወሩ በፊት በነበሩት 60 ቀናት ውስጥ ቢያንስ አንድ ቀን ዋስትና የነበረው መሆኑን ማሳየት በአብዛኛው ይጠበቅበታል፤ ከውጭ አገር ለመጣ ሰው ግን ይህ ግዴታ የለም። ልዩነቱ የገበያው ዋስትና በተለምዶ ከተመረጠበት ወር ቀጥሎ ካለው ወር መባቻ ጀምሮ ወደ ፊት ብቻ ይሠራል፤ ያለፈውን ሌሊት አይሸፍንም። ወላጆቹን ይዞ የሚዛወር ደግሞ ሜዲኬራቸው በግል ኩባንያ በኩል የሚሰጠው ዓይነት ከሆነ የአገልግሎት ክልሉ የት ድረስ እንደሆነ ከመነሣቱ በፊት ይጠይቅ፤ ሜዲኬይድ ያላቸው ከሆነ በአዲሱ ስቴት እንደ አዲስ ማመልከት አለባቸው፤ መስፈርቱም የተለየ ሊሆን ይችላል።

በአገራችንም በ2011 በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በወረዳ የተደራጀ ነበር፤ አባሉ የሚታከመውም ወረዳው ውል በገባባቸው ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ነው። ይህን የምጠቅሰው ለነቀፌታ አይደለም፤ ሰው በሚተዋወቅበት ሥፍራ መዋጮ መሰብሰብ ይቀላልና፣ ዳላስም ሆነ ደሴ የጀመሩት ከዚያው ነው። ነገር ግን ጥሪት ፍለጋ ከወረዳው የወጣው የቀን ሠራተኛ ካርዱን በኪሱ ይዞ በሌላ ከተማ ሲታመም የሚገጥመው ነገር፣ ኢቫሮ በፊኒክስ ከገጠመው ብዙም የራቀ አይሆንም።

ባልደረባዬ ያን ዕለት ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት አንድ ምክር ጨመረልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ሥራ ለሚቀይር ጓደኛ ሁሉ እነግረዋለሁ። የመልቀቂያ ደብዳቤ ከማስገባት በፊት የቀድሞው ዋስትና የሚያበቃበትንና አዲሱ የሚጀምርበትን ቀን በአንድ ወረቀት ላይ ጻፍ፤ ኩባንያው ዋስትናውን እስከ ወሩ ማለቂያ የሚያቆይ ከሆነ በ30 ሳይሆን በ1 ልቀቅ፤ አዲሱን አድራሻህንም ለሰው ኀይል ክፍሉ በእጅህ አስመዝግብ። እኔ በ28 ነበር የለቀቅሁት።